ከባኞ ላይነር ሥር የገባ ውሃ፦ እኛ ቤት እንዴት እንደተፈታ

ሻወር ለመውሰድ ባኞው ውስጥ ስትቆሙ ከእግራችሁ ሥር «ጭቅ ጭቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወለሉም ሲረገጥ ዝቅ ብሎ ሲለቁት ከተነሳ፣ ችላ አትበሉት። ከላይነሩ ሥር፣ ማለትም በአሮጌው የብረት ገንዳ ላይ ከተለጠፈው የፕላስቲክ ሽፋን ሥር፣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ውሃ በራሱ አይደርቅም። ከላይ ያለው ፕላስቲክ አየር አያስገባም። ከታች ያለው ብረት ውሃ አይመጥም። መሃል ላይ የገባው ውሃ መሄጃ ስለሌለው እዚያው ተኝቶ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ላይነሩንም ከማጣበቂያው እያላቀቀ ቦታውን ያሰፋል።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ቤታችን በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ከተሠሩት የጡብ ቤቶች አንዱ ነው። እዚህና ወደ ዊተን በኩል የማውቃቸው ብዙ ሐበሾች የገዙት ቤት እንዲህ ዓይነት ነው። የዚያ ዘመን ባኞ በነጭ ኢናሜል የተለበጠ ወፍራም የብረት ገንዳ ነው። ኢናሜሉ ሲያረጅ፣ ሲቦረቦርና ቢጫ ሲሆን ገንዳውን ነቅሎ ማውጣት ትልቅ ሥራ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ባለቤቶች በላዩ ላይ ላይነር ያስገጥማሉ።

ላይነር በአሮጌው ገንዳ ልክ ተቀርጾ የሚመጣ የአክሪሊክ ወይም የፒቪሲ ሽፋን ነው። በሲሊከንና በሁለት ፊት ማጣበቂያ አሮጌው ገንዳ ላይ ይለጠፋል። መውረጃው ላይ አዲስ ቀለበት ይገጠምለታል። ዳር ዳሩ ይታሸጋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። በጥንቃቄ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። ችግሩ ሥራው የሚበላሸው በማይታየው በኩል መሆኑ ነው።

የእኛን ላይነር ያስገጠሙት ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ናቸው። ቤቱን ስንገዛ ነጭና የሚያብረቀርቅ ስለነበር አዲስ ገንዳ ነው የመሰለን። ኢንስፔክተሩም ውሃ ከፍቶ መውረዱን አይቶ አለፈ። በኋላ እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ፣ ታጥባ ስትወጣ «ይሄ ባኞ ሆዱ ውሃ ቋጥሯል» አለችኝ። ከዚያ በፊት ያንን ድምፅ የቤቱ እርጅና ነው ብለን ለምደነው ነበር። ገብቼ መውረጃው አጠገብ በተረከዜ ጫን ስል በቀለበቱ ዙሪያ ጥቁር ውሃ ብቅ አለ። እግሬን ሳነሳ ተመልሶ ገባ።

የረዱን አንድ ጋሼ ናቸው። የአፓርታማ ሕንፃዎች ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ስልክ ደውዬ ስነግራቸው መጀመሪያ ያሉኝ «ሲሊከን ገዝተሽ እንዳትቀቢ። መጀመሪያ የሚገባበትን እንፈልግ» ነበር። ይህንን ምክር ለሁላችሁም አስተላልፋለሁ። ምክንያቱም ሁሉም ሰው እጁ የሚሄደው ዳር ዳሩ ላይ ወዳለው ሲሊከን ነው። የሚታየው እሱ ነዋ። ዳሩን አሽጋችሁ መግቢያው ግን ሌላ ቦታ ከሆነ፣ ውሃው መግባቱን ይቀጥላል። በትንሹም ቢሆን የሚተንበትን ቀዳዳ ደግሞ ዘጋችሁበት።

ውሃ የሚገባባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚጠረጠረው መውረጃው ነው። ውሃ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው፣ የቆመ ሰው ክብደትም የሚያርፈው እዚያው አቅራቢያ ነው። ላይነሩ ከሥሩ በደንብ ካልተለጠፈ በተረገጠ ቁጥር ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ያ እንቅስቃሴ በቀለበቱ ከንፈር ሥር ያለውን ሲሊከን ቀስ እያለ ይልጠዋል። አንዴ ከተላጠ እግር ሲነሳ ላይነሩ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ትንሽ ክፍተት ብዙ ውሃ ያስገባል።

ሁለተኛው ገንዳው እንዳይሞላ ግድግዳው ላይ ያለው የላይኛው ቀዳዳ ነው፣ እዚህ ኦቨርፍሎው የሚሉት። ሽፋኑ ሥር ያለው ጎሚኒ ከደረቀ፣ ወይም ላይነሩ ሲቆረጥ ዙሪያው ካልታሸገ፣ ውሃ በዚያ ይገባል። ግን የሚገባው ገንዳው ሲሞላ ነው። ቆሞ ሻወር ብቻ የሚወስድ ቤተሰብ ችግሩ ላያጋጥመው ይችላል። ልጆች ገንዳ ሞልተው የሚታጠቡበት ቤት ከሆነና ድምፁ ከልጆቹ ትጥበት በኋላ የሚብስ ከሆነ፣ ጥርጣሬያችሁን ወደዚያ አዙሩ። ሦስተኛው ላይነሩና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር ነው። የመጨረሻው ስንጥቅ ነው። ስንጥቅ የሚፈጠረው ከሥሩ ባዶ በሆነ ቦታ ላይ ነው። ነጭ ነገር ላይ ቀጭን ስንጥቅ በቀላሉ አይታይም። የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ወለሉ ላይ አስተኝታችሁ አብሩት። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የፀጉር ያህል የቀጠነውንም ያሳያል።

መግቢያውን ለመለየት የተጠቀምነው የምግብ ቀለም ነው፣ ኬክ የሚቀባበት። ከዚያ በፊት ግን ሥር ያለውን አሮጌ ውሃ በተቻለ መጠን ማውጣት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የትኛው አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ አይታወቅም። ላይነሩን ከሩቁ ጫፍ ጀምረን ወደ መውረጃው በእጅ እየገፋን፣ በቀለበቱ ዙሪያ የወጣውን በፎጣ ቀዳን። ደግመን ደጋግመን። ከዚያ ገንዳውን አድርቀን ፈተናውን ጀመርን።

የፈተናው ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ማርጠብ። መጀመሪያ መውረጃውን ከውስጥ በሚገባ መድፈኛ ዘጉት። ከላይ ተኝቶ ቀለበቱን የሚሸፍን ጠፍጣፋ መክደኛ አይሆንም፣ የምትፈትኑትን ቦታ ይከልለዋል። ቀለበቱን የሚሸፍን ያህል ውሃ አድርጉ፣ ሰማያዊ ወይም ቀይ ቀለም ጠብ አድርጉበት፣ ጥቂት ሰዓት ይቀመጥ። ከዚያ ልቀቁት፣ ላዩን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። አሁን ነጭ ሶፍት በቀለበቱ ዙሪያ ዘርግታችሁ አጠገቡ ያለውን ላይነር በመዳፋችሁ ጫን አድርጉ። የእኛ ሶፍት በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ሰማያዊ ሆነ። በአንድ በኩል ብቻ፣ ሰው በሚቆምበት በኩል። በሌላው በኩል ሶፍቱ ንጹህ ነበር። ይህንን ካየሁ በኋላ ግምት አላስፈለገኝም።

መውረጃው ንጹህ ከሆነ ሌላ ቀን ግድግዳውን ፈትኑ። መውረጃው ክፍት ሆኖ፣ ቀለም ያለው ውሃ በጣሳ ይዛችሁ በመስመሩ ላይ ብቻ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ሴራሚክ መሃል ያለው ነጭ ሲሚንቶ ቀለም ሊይዝ ስለሚችል ለዚህኛው ቀለሙ ደመቅ ያለ ሳይሆን ሳሳ ያለ ይሁን። ኦቨርፍሎው የሚፈተነው መጨረሻ ላይ ነው፣ ምክንያቱም እሱን ለመፈተን ገንዳው መሞላት አለበት፣ የሞላ ገንዳ ደግሞ ሁሉንም ነገር ያረጥባል። ባኞው ፎቅ ላይ ከሆነ በየፈተናው መሃል ወርዳችሁ የታችኛውን ክፍል ኮርኒስ ተመልከቱ። ቢጫ ክብ ምልክት ካለ፣ ወይም ሲነካ ከለሰለሰ፣ ነገሩ የላይነር ብቻ አይደለም። ቧንቧው ራሱ ያፈስሳል ማለት ሊሆን ይችላልና ባኞውን መጠቀም አቁማችሁ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ።

ቀጥሎ የመጣው ቀለበቱን መፍታት ነው። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የገንዳው ቧንቧ ካለበት ግድግዳ በስተጀርባ ትንሽ በር እንዳለ እዩ። ብዙ አሮጌ ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ትገኛለች። በዚያ በኩል የታችኛውን ቧንቧ ማየት ከቻላችሁ ትልቅ ዕድል ነው፣ ቀለበቱ ሲዞር ቧንቧውም አብሮ እንዳይዞር ሰው ይቆጣጠራል። እኛ ቤት በሩ ነበረ። ጋሼ ላይ ሆነው ሲያዞሩ ባለቤቴ ከታች በባትሪ እያበራ ያይ ነበር።

ቀለበቱ ውስጥ መስቀል የሚመስል ብረት አለ። በእሱ ውስጥ ሁለት የፒንሳ ጫፍ አስገብቶ በመሃሉ ካቻቪቴ አሳልፎ ወደ ግራ ማዞር አንዱ መንገድ ነው። መስቀሉ የዛገ ከሆነ ግን ይሰበራል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መፍቻ ሃርድዌር ሱቅ አለ፣ ከውስጥ ግድግዳውን ነክሶ የሚያዞር። ዋጋው ብዙ አይደለም፣ ለእሱ መክፈል ይሻላል። ቀለበቱ እምቢ ካለና የታችኛው ቧንቧ መንቀሳቀስ ከጀመረ እዚያው ላይ አቁሙ። አሮጌ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ከተሰበረ ወጪው ሌላ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ለዚያች አንድ ሥራ ብቻ መጥራት ነውር የለውም።

ሲወጣ ያየነውን ልንገራችሁ። በላይነሩና በብረቱ መካከል ጣት የማያስገባ ግን የቢላ ጀርባ የሚያስገባ ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ዙሪያ ጥቁር ዝልግልግ ዝቃጭ ተለጥፏል። ሽታው የቆየ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ሽታ ነው። ቀለበቱ ሥር የነበረው ሲሊከን ግማሹ ጠንካራ፣ ግማሹ ተልጦ እንደ ሪባን የተንጠለጠለ ነበር። የተላጠው ሶፍቱ ሰማያዊ በሆነበት በኩል ነው።

ውሃውን ያወጣነው ውሃም ደረቅም በሚስብ ቫኪዩም ነው። እዚህ ሾፕ ቫክ ይሉታል። ከሃርድዌር ሱቅ በቀን ኪራይም ይገኛል። የወረቀት ማጣሪያውን አውጡና የስፖንጅ ማጣሪያውን አድርጉ፣ ወረቀቱ ሲረጥብ ይቀደዳል። ሶኬቱ ቴስትና ሪሴት የሚሉ ሁለት ቁልፎች ያሉት ዓይነት ይሁን። ያ ዓይነት ሶኬት ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ከሄደ ወዲያው ይቆርጣል። አሮጌ ቤት ውስጥ መታጠቢያ ቤቱ እንዲህ ዓይነት ሶኬት ላይኖረው ይችላል። ከሌለ ይህ ያለው ሶኬት እስኪገኝ ሥራውን አትጀምሩ።

ጠባቡን አፍ ክፍተቱ ላይ አድርጎ አንድ ሰው ይይዛል። ሌላው ባዶ እግሩን ከሩቅ ጫፍ ጀምሮ ላይነሩን በትንሽ በትንሹ እየረገጠ ወደ መውረጃው ይመጣል። ውሃው ሲመጣ የቫኪዩሙ ድምፅ ይቀየራል። መጣ፣ አለቀ ስትሉ ከሌላ ማዕዘን ደግሞ ይመጣል። ማጣበቂያው በመስመር በመስመር ስለሚቀባ ውሃው በመስመሮቹ መካከል እየተጠማዘዘ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ከመርገጥ ዚግዛግ መርገጥ የበለጠ ያወጣል።

ቫኪዩሙ ምንም አላወጣም ማለት ደረቀ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚበላሽበት ቦታ ይሄ ነው። ያን ቀን ከታሸገ የቀረው እርጥበት ዳግመኛ ታስሮ ይቀራል። አዲሱ ሲሊከንም እርጥብ ነገር ላይ አይዝም። ቀዳዳውን ክፍት ትታችሁ የፍሳሽ ሽታ እንዳይመጣ የታችኛውን ቧንቧ አፍ በጨርቅ ድፈኑት። ማራገቢያ ወደ ቀዳዳው አዙሩ። እርጥበት የሚመጥ ማሽን፣ ዲሂዩሚዲፋየር፣ ካላችሁ ቤዝመንት ካለበት አምጥታችሁ በሩን ዘግታችሁ አብሩት። በሜሪላንድ የሙቀት ወራት (ሰመር) ውጪው ራሱ እርጥብ ስለሆነ መስኮት መክፈት ብዙ አይረዳም። ቀናት ይፈጃል። በየቀኑ ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ሶፍት ጠቅልላችሁ በክፍተቱ አስገብታችሁ አውጡ። ሶፍቱ በተከታታይ ደረቅ ሆኖ ሲወጣ፣ ስትረግጡትም ድምፅ ሲጠፋ፣ ያኔ ወደ ማሸጉ መሄድ ይቻላል።

በዚህ መሃል በረኪና በቀዳዳው እናፍስስ የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔ አልመክርም። በረኪናው የሚደርሰው ውሃው በደረሰበት ሁሉ አይደለም፣ እናንተ ግን ሌላ ፈሳሽ ጨመራችሁ። ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከተገናኘ ደግሞ የሚመርዝ ጋዝ ይወጣል፣ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። የሚደረስበትን ቦታ በሳሙናና በብሩሽ አጽዱ፣ የቀረውን ድርቀቱ ይጨርሰዋል። ሻጋታ ያለ ውሃ አያድግም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ኢ.ፒ.ኤ.፣ የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ ብዙውን ጊዜ ሻጋታ እንደማያበቅል ይናገራል። የሻገተው ስፋት ከ10 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ሊያጸዳው እንደሚችል ይመክራል። ግድግዳው ውስጥ ከገባና ከዚያ ከሰፋ ባለሙያ ያስፈልጋል። አስም ያለበት ልጅ ወይም አዛውንት ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ አነስ ቢልም እነሱን ከዚያ አርቁ።

አዲስ ቀለበት ለመግዛት አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የጥርሱ ዓይነት ይለያያል። ሻካራና ደቃቅ ጥርስ አለ፣ በዓይን ሲታይ ይመሳሰላሉ፣ ሲገቡ ግን ይበላሻሉ። ላይነሩ ውፍረት ስለጨመረ ቀለበቱ ረዘም ያለ አንገት ሊፈልግ ይችላል። እኛ ቤት የነበረው አጭር ነበር። ጥርሱ የታችኛውን ቧንቧ የያዘው በጥቂት ዙር ብቻ ስለሆነ ተጫን ቢሉትም አይጨብጥም። ላይነሩን የገጠመው ሰው ረዘም ያለ ቢጠቀም ኖሮ ይህ ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር።

የምትጠቀሙት 100 ፐርሰንት ሲሊከን ይሁን፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆነው። ቧንቧ ሠራተኞች በብረት ገንዳ ላይ የሚጠቀሙበት ሊጥ መሳይ ፑቲ አለ። አክሪሊክ ላይ ግን አይመከርም፣ ፕላስቲኩን ሊጎዳው ይችላል። አሮጌውን ሲሊከን በፕላስቲክ መፋቂያ ሙሉ በሙሉ አንሱ። አዲስ ሲሊከን አሮጌ ሲሊከን ላይ አይጣበቅም። ቦታውን በአልኮል ጥረጉና ይድረቅ። አሴቶን አትንኩ፣ አክሪሊክን ያቀልጠዋል።

ከዚያ መጀመሪያ የሚታሸገው ክፍተቱ ራሱ ነው። የሲሊከኑን ቱቦ አፍ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ በዙሪያው ሁሉ በላይነሩና በብረቱ መካከል ሙሉት፣ ላይነሩን ተጭናችሁ አስተኙት። ቀጥሎ በአዲሱ ቀለበት ከንፈር ሥር ወፈር ያለ ሲሊከን አዙሩበት። የታችኛውን ጎሚኒ በአዲስ ቀይሩ። ቀለበቱን በእጅ እስኪጠብቅ አዙሩ፣ ከዚያ በመፍቻ ትንሽ ብቻ ጨምሩ። በዙሪያው ሲሊከኑ እኩል ሲወጣ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ማጥበቅ አክሪሊኩን ይሰነጥቃል። የወጣውን በጣት ጥረጉ። ሲሊከኑ እስኪደርቅ ላይነሩ እንዳይነሳ ክብደት ያስፈልገዋል። እኛ ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢቶች በፕላስቲክ ጠቅልለን በመውረጃው ዙሪያ ደረደርን። ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ቱቦው ላይ ከዚያ በላይ ከተጻፈ የተጻፈውን ተከተሉ።

የግድግዳውን መስመርም ማደስ ከፈለጋችሁ፣ የመውረጃው ሥራ ከደረቀ በኋላ ገንዳውን ውሃ ሞልታችሁ ነው ሲሊከኑን የምትቀቡት። የውሃው ክብደት ገንዳውን ወደ ታች ሲስብ መስመሩ በጣም ይከፈታል። በዚያ ስፋቱ ላይ ከታሸገና ውሃው ሳይለቀቅ ከደረቀ፣ በኋላ ሰው ሲገባበት አይላቀቅም። ጋሼ ይህንን ሲነግሩኝ ገርሞኝ ነበር፣ ግን ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው።

ስለ መብሳት የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ላይነሩን በትራፓኖ በስቶ ውሃውን መሳብ ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ውሃው ይወጣል። ግን ገንዳው ዝቅተኛ ቦታ ላይ አዲስ ቀዳዳ አበጃችሁ፣ እሱም በአክሪሊክ መጠገኛ ካልተደፈነ አዲስ መግቢያ ይሆናል። ቀለበቱ በምንም መንገድ አልፈታ ያለ እንደሆነ ብቻ የሚታሰብ ነው። በጣሳ የሚሸጠውን የሚያብጥ ፎም በቀዳዳው መንፋት ግን ጨርሶ አይሞከር። ሲያብጥ ላይነሩን ከፍ አድርጎ ያጎብጠዋል፣ ተመልሶም አይተኛም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ላይነሩ ገና ደህና ከሆነ ነው። ወለሉ ሰፋ ባለ ቦታ ከተላቀቀ፣ ስንጥቁ ከአንድ በላይ ከሆነ፣ ወይም ደርቆ ታሽጎ ሽታው ከተመለሰ፣ ላይነሩን ማውጣት ነው የሚሻለው። ሲወጣ ተቆራርጦ ነው፣ ሥሩ ያለው ኢናሜልም ለማጣበቂያው ሲባል ተፍቆ ስለሚሆን አሮጌው ገንዳ እንዳለ አያገለግልም። ወይ እንደገና ይለበጣል፣ ወይ ይቀየራል። የብረት ገንዳ 300 ፓውንድ አካባቢ ሊመዝን ይችላል፣ ብቻችሁን ደረጃ ላይ አታውርዱት። በፈረንጆቹ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ቀለሙ ሊድ (መርዛማው እርሳስ)፣ ግድግዳውና ወለሉ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የግንባታ ዕቃ) ሊኖረው ስለሚችል ሳይመረመር መሰባበር አይጀመርም።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። ማጣበቂያውን ወይም አሮጌውን ቀለም ለማስለቀቅ ሚቲሊን ክሎራይድ ያለበት ኬሚካል ማንም ገንዳ ውስጥ እንዳይጠቀም። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ገንዳው ውስጥ ተኝቶ ጎንበስ ያለውን ሰው ያፍነዋል። በፈረንጆቹ ከ2000 እስከ 2011 ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ገንዳ ሲያድሱ በዚህ ኬሚካል 13 ሠራተኞች መሞታቸው ተመዝግቧል። ኢ.ፒ.ኤ. ለቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ በ2019 ከልክሏል። ጋራዥ ውስጥ የቆየ ጣሳ ያለው ሰው ግን አይጠፋም። ከወንድሞቻችን ብዙዎቹ የቤት እድሳት ሥራ ላይ ናቸውና ይህንን ንገሯቸው።

ላይነሩን ወደገጠመው ድርጅት ደውለን ነበር። ዋስትናው ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው አሉን። ስለዚህ ላይነር ያለበት ቤት የምትገዙ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት የዋስትናውን ወረቀት ጠይቁ፣ ለቀጣዩ ባለቤት ይተላለፋል የሚል መኖሩንም አንብቡ። ቤት ስታዩ ጫማችሁን አውልቃችሁ ባኞው ውስጥ ቁሙ። መሃሉን፣ መውረጃውን አጠገብ፣ ሩቁን ጫፍ እርገጡ። ሻጩ ቅር አይለውም። የቤት ኢንሹራንስም ለብዙ ጊዜ ቀስ እያለ የገባ ውሃ ያመጣውን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፣ ስለዚህ በኋላ እጠይቃለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

አዲስ ላይነር ወይም አዲስ ገንዳ የምታስገጥሙ ከሆነ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኮንትራክተሩ ከስቴቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን፣ ኤም.ኤች.አይ.ሲ. ከሚባለው፣ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩ ኮንትራቱ ላይ ይጻፋል፣ ኢንተርኔት ላይም ይጣራል። በሕጉ መሠረት ስትፈርሙ ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅድሚያ ሊቀበል አይችልም። ፈቃድ ያለው ሰው አበላሽቶ ቢሄድ ኮሚሽኑ የሚክስበት ፈንድ አለው፣ ፈቃድ ለሌለው ግን ይህ አይሠራም። ሻጩ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ካስፈረማችሁም፣ በፌዴራል ሕግ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ቅናሹ ያልፋል» ቢላችሁም ያው ነው።

ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ መፍታትም ማሸግም ውስጥ አትግቡ። ድምፁንና የሚወጣውን ውሃ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ለባለንብረቱ በጽሑፍ ላኩ፣ የላካችሁበትን ቀን ያዙ። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ «አልሰማሁም» ይባላል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከሆናችሁና መልስ ከጠፋ 311 ደውላችሁ የቤት ጉዳይ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።